ከሣጥኑ የወጣው ጨዋታ

ራልፍ ባየር ሐሳቡ የመጣለት ኒውዮርክ አውቶቡስ ተራ ላይ ባልደረባውን ሲጠብቅ ነው። ዘመኑ 1966፣ ወሩ የኦገስት መገባደጃ ነበር (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን የሌለበት ቤት ብርቅ ሆኗል፤ ባለቤቱ ግን ከማብራት፣ ከማጥፋትና ጣቢያ ከመቀየር ያለፈ በሣጥኑ ላይ ሥልጣን የለውም። የሚላክለትን ይቀበላል። ከቴሌቪዥኑ ጎን በሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ አማካይነት ሰው ራሱ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቢያንቀሳቅስስ? ባየር በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 1፣ ቢሮው ገብቶ ይህንኑ በ4 ገጽ ጻፈው።

ሐሳቡ ውስጡ የቆየ ነው። ባየር በ1922 ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1938 ከወላጆቹ ጋር ከናዚዎች ሸሽቶ ኒውዮርክ ገባ። የሬዲዮ ጥገና በደብዳቤ ተማረ፣ የጦርነቱን ዘመን በአሜሪካ ጦር ውስጥ አሳለፈ፣ ቀጥሎም በቴሌቪዥን ምህንድስና ተመረቀ። በ1951 ቴሌቪዥን እንዲሠራ በታዘዘበት መሥሪያ ቤት «ለምን ጨዋታ አንጨምርበትም» ብሎ አለቃውን ጠይቆ ነበር። ሥራው ዘግይቷል፣ ይህን ተወው ተባለ።

በ1966 ግን አለቃው ራሱ ነው። ናሹዋ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ለጦር ኃይሉ ኤሌክትሮኒክስ በሚሠራው ሳንደርስ አሶሺየትስ በመቶ የሚቆጠሩ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ያሉትን ክፍል ይመራል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሁለቱ ጠፉ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢል ሃሪሰን የተባለ ቴክኒሻን አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሥራ አስጀመረው። በ1967 ሁለት ነጭ ነጥቦች ስክሪኑ ላይ መባረር ጀመሩ። ቀጥሎ ቢል ረሽ የተባለ መሐንዲስ ሦስተኛ ነጥብ ይጨመር፣ እሷን ደግሞ ሰው ሳይሆን ማሽኑ ያንቀሳቅሳት አለ። ሦስተኛዋ ነጥብ ኳስ ሆነች፤ የቤት ውስጥ ፒንግፖንግም ከዚያ ተገኘ። በ1968 የተጠናቀቀው ናሙና የእንጨት መልክ ያለው ፕላስቲክ ተለጥፎበት ስለነበር «ቡናማው ሣጥን» ተብሎ ቀረ።

የጦር ዕቃ የሚሠራ ኩባንያ መጫወቻ ይዞ ገበያ አይወጣም። ሳንደርስ ሣጥኑን ለቴሌቪዥን አምራቾች እየጠራ ሲያሳይ ቆይቶ በ1971 ማግናቮክስ ፈቃዱን ወሰደ። በሴፕቴምበር 1972 «ኦዲሲ» በሚል ስም 100 ዶላር ገደማ ተቆርጦለት ለሽያጭ ቀረበ። በዓለም የመጀመሪያው የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጌም ማሽን ይህ ነው።

ዛሬ ኦዲሲን ፈትቶ የሚያይ ሰው ባዶነቱ ያስገርመዋል። ማይክሮፕሮሰሰር የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ነጥብ አይቆጥርም። በ40 ትራንዚስተርና በ40 ዳዮድ ገደማ የተገጣጠመ ነው፤ የሚያወጣውም ጥቂት ነጭ ነጥቦችና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። የቀረውን ተጫዋቹ እንዲሞላው ማግናቮክስ ካርቶኑ ውስጥ ዳይስ፣ ካርታና የወረቀት ገንዘብ ከተተበት። ስክሪኑ ላይ የሚለጠፍ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክም አለው፦ ለቴኒስ የቴኒስ ሜዳ የተሣለበት፣ ለበረዶ ሸርተቴ ደግሞ ተራራና ጠመዝማዛ መንገድ። ነጥቧ ከመንገዱ ብትወጣ ማሽኑ አያውቅም፤ ዳኝነቱ ለተጫዋቹ ኅሊና የተተወ ነው።

ጨዋታ ለመቀየር ከፊቱ የሚሰካ ካርድ ነበረው። ካርትሪጅ፣ ማለትም ጨዋታ ይዞ ማሽኑ ላይ የሚሰካው ዕቃ፣ የተጀመረው ከዚህ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ካርዱ ላይ የተጻፈ ጨዋታ የለም። ሣጥኑ ውስጥ ቀድሞውኑ ያሉትን ሰርኪዩቶች በተለያየ መንገድ የሚያገናኝ መሸጋገሪያ ነው እንጂ ማሽኑ ሲሠራ ያልታሰበ ጨዋታ ይዞ ሊመጣ አይችልም። ጨዋታው ከሣጥኑ አልወጣም። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምተርከው በሙሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

ማግናቮክስ ኦዲሲን የሸጠው በራሱ ቴሌቪዥን መደብሮች ስለነበር፣ ብዙ ሰው በማግናቮክስ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ የሚሠራ መስሎት ሳይገዛ ቀረ። እንዲያም ሆኖ እስከ 1975 ድረስ 350,000 ያህል ተሸጧል፤ ለማይታወቅ ዕቃ ይህ ትንሽ አይደለም። ከሁሉም የበለጠ ውጤቱ ግን ከሽያጩ ውጭ ነበር። በሜይ 1972 ካሊፎርኒያ ቡርሊንጌም ውስጥ በተዘጋጀ ትርዒት ላይ ኖላን ቡሽኔል የተባለ ወጣት ኦዲሲን አይቶ፣ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ፈርሞ ሄደ። በዚያው ዓመት የእሱ ኩባንያ አታሪ «ፖንግ» የተባለውን ሳንቲም የሚበላ የፒንግፖንግ ማሽን አወጣ። ማግናቮክስ ከሰሰ፤ ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ አታሪ ከፍሎ ፈቃድ ያዘ። ዓለም ግን ቪዲዮ ጌምን በፖንግ አወቀው። የፊርማው መዝገብ ችሎት ላይ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡን ሳስብ ፈገግ ሳልል አላልፍም።

በ1975 ገና በዓል ፖንግ ቤት ገባ። በ1976 ደግሞ ጄኔራል ኢንስትሩመንት የተባለው ድርጅት የፖንግ ዓይነት ጨዋታዎችን በአንዲት ቺፕ ጨርሶ ለማንም መሸጥ ያዘ፤ ቺፑን ገዝቶ፣ ፕላስቲክ ሣጥን አልብሶ፣ ሁለት ማዞሪያ ጨምሮ ገበያ መውጣት ለማንኛውም የዕቃ አምራች ቀላል ሆነ። በመቶ የሚቆጠር ስም ያላቸው፣ ውስጣቸው ግን አንድ የሆኑ ማሽኖች መደርደሪያ ሞሉ። ሁሉም አንድ ዘፈን ብቻ የተቀረጸበት ቴፕ ናቸው፤ የሰለቸው ሰው ዕቃውን ጓዳ ከመወርወር በቀር አማራጭ የለውም።

መላውን ያገኙት ከጨዋታ ዓለም ውጭ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አልፔክስ ኮምፒውተር ኮርፖሬሽን ኮኔቲከት ውስጥ ለሱቅ የሚሆን የኤሌክትሮኒክ ሒሳብ መመዝገቢያ ይሠራ ነበር፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደዚያው ገበያ ሲገቡ ግን መውጫ አጣ። መሐንዲሶቹ ዋላስ ኪርሽነርና ላውረንስ ሃስከል በእጃቸው ያለውን ዕውቀት ወደ ቴሌቪዥን ጨዋታ አዞሩት። ኪርሽነር ማሽኑን፣ ሃስከል ፕሮግራሙን። በ1974 የጀመሩት ናሙና በኢንቴል 8080 ማይክሮፕሮሰሰር ይሠራል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ነጥብ በሜሞሪ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ጨዋታው ደግሞ በሰርኪዩት አልተቸነከረም፣ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ከሆነ ከማሽኑ ሊለይ ይችላል። ተለይቶ ሊሸጥም ይችላል።

ናሙናውን ለቴሌቪዥን ፋብሪካዎች አሳዩ፤ የገዛቸው የለም። ዕድል የቀናቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ በነበረው ፌርቻይልድ ዘንድ ነው። ፌርቻይልድ የሲሊከን ቫሊ አባት የሚባል የቺፕ አምራች ነበር፤ ከእሱ የወጡ ሰዎች ኢንቴልን ጨምሮ ብዙ ኩባንያዎችን መሥርተዋል። ያኔ ኤፍ 8 የተባለ አዲስ ማይክሮፕሮሰሰር አውጥቶ ገዢ እየፈለገ ነበር። ጂን ላንድረም የተባለ አማካሪ ነገሩን እንዲያጠና ተቀጠረ፤ ማሽኑን በባለሙያ ዓይን እንዲመረምር ደግሞ ጄሪ ላውሰን ታዘዘ።

ላውሰን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋል። ዲሴምበር 1 ቀን 1940 ብሩክሊን ተወልዶ ኩዊንስ ውስጥ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አባቱ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር፣ ሳይንስ የሚወድ ሰው። እናቱ ለልጇ ትምህርት ቤት የምትመርጠው ርእሰ መምህሩንና መምህራኑን ራሷ እየመረመረች ነበር ይባላል። አንደኛ ክፍል ሳለ መምህርቱ ከጠረጴዛው አጠገብ የጥቁር አሜሪካዊውን ሳይንቲስት የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ሥዕል ሰቅላለት ነበር፤ አንተም እንዲህ መሆን ትችላለህ እያለች። ላውሰን ይህን ሲተርክ ኖሯል። ልጅ ሳለ የራሱን አማተር ሬዲዮ ጣቢያ አቆመ፣ ከፍ ሲል የሰፈሩን ቴሌቪዥን እየጠገነ ገንዘብ አገኘ። ኮሌጅ ጀምሮ ሳይጨርስ ወጣ። በ1970 ፌርቻይልድ ሲገባ ሥራው ደንበኞች ቺፑን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማሳየት ነበር።

ማታ ማታ ግን ጋራዡ ውስጥ ሌላ ነገር ይሠራል፦ «ደሞሊሽን ደርቢ» የተባለ፣ ሳንቲም የሚበላ የመኪና ግጭት ጨዋታ፣ በዚያው በኤፍ 8 ቺፕ የሚንቀሳቀስ። ካምፕቤል ከተማ ፒዛ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ሞከረው። አለቆቹ ሲሰሙ ይቆጡኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ይልቅ ለእኛ ሥራልን ብለው የአዲሱ የቪዲዮ ጌም ክፍል ኃላፊ አደረጉት። በዚያው ጊዜ የኮምፒውተር አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበት ሆምብሩ ክለብ አባል ነበር፤ ከነበሩት ሁለት ጥቁር አባላት አንዱ። ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነውን ስቲቭ ዎዝኒያክን ለሥራ ቃለ መጠይቅ አድርጎት ሳይቀጥረው መቅረቱንም ራሱ አውስቷል። በስልክና በስም ብቻ የሚያውቁት ሰዎች በአካል ሲያገኙት ጥቁር መሆኑን አይተው ይደነግጡ ነበር፤ ላውሰን ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያንሰው በትንሹ ብቻ ነውና ሳይታይ የሚያልፍ ሰውም አልነበረም።

የአልፔክስ ናሙና ለመሐንዲስ ጠረጴዛ እንጂ ለልጅ እጅ የተሠራ አልነበረም። ላውሰንና ቡድኑ የኢንቴሉን ቺፕ አውጥተው ኤፍ 8ን አስገቡበት፤ መካኒካዊውን ክፍል ሮን ስሚዝ፣ ቅርጹን ኒክ ታሌስፎር ያዙ። ያወጡት መቆጣጠሪያ እስካሁን የሚመስለው አላየሁም። ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ በአንድ እጅ የሚጨበጥ እጀታ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ባለሦስት ማዕዘን ቆብ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ግራና ቀኝ ትሄዳለች፤ ትጠመዘዛለች፤ ወደ ላይ ትሳባለች፤ ወደ ታች ትጫናለች። ስምንት እንቅስቃሴ መሆኑ ነው። ማሽኑ ላይ ደግሞ ጨዋታውን ባለበት የሚያቆም ቁልፍ ተደረገ። ዛሬ ፕሌይስቴሽን ቤት ሻይ ሲመጣለት ጨዋታውን የሚያቆም ልጅ ይህ ቁልፍ አንድ ቀን አዲስ ነገር እንደነበር አይገምትም።

ከባዱ ሥራ ካርትሪጁ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሜሞሪ ቺፕ የሚኖረው በባለሙያ ተበይዶ፣ ማንም ሳይነካው ነው። አሁን ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ የ8 ዓመት ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ሊነቅለውና ሊሰካው ነው። ከምንጣፉ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ንዝረት ቺፑን ቢያቃጥለውስ? መሰኪያው ተፍቆ ቢያልቅስ? ይህን ያህል ጊዜ ተነቅሎ የሚሰካ የሜሞሪ ቺፕ ከዚያ በፊት የሠራ ስላልነበረ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም። መፍትሔው ቢጫ ፕላስቲክ ልብስ ሆነ፤ መጠኑ በዘመኑ መኪና ውስጥ ይሰማ የነበረውን የሙዚቃ ካሴት ያህላል፤ አፉ ላይ መሰኪያውን የምትሸፍን መዝጊያ አለችው፤ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ትከፈታለች።

ቀጥሎ መንግሥት መጣ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ዕቃ የጎረቤትን ስርጭት እንዳይረብሽ በጥብቅ ይመረምር ነበር። በዚያን ጊዜው ደንብ ማይክሮፕሮሰሰር ያለው መጫወቻ ማለፍ ፈተና ነው። ሰርኪዩቱን በብረት ሸፈኑት፤ ካርትሪጁ የሚገባበትንም ጉሮሮ በብረት አለበሱት። ላውሰን እንደሚናገረው አዲስ የሚወጣ እያንዳንዱ ካርትሪጅ ሳይቀር ለምርመራ ይቀርብ ነበር።

በኖቬምበር 1976 ማሽኑ ገበያ ወጣ፤ ዋጋው 169.95 ዶላር፣ ካርትሪጁ 19.95። ሆኪና ቴኒስ ከማሽኑ ጋር ይመጣሉ፤ የቀረው እየተገዛ ይሰካል። ካርትሪጆቹ እንደ መጽሔት ቁጥር ተሰጣቸው፤ ቤተሰብ ቁጥሩን እየተከተለ ያጠራቅማል ተብሎ ታስቦ ይሆናል። አራተኛው «ስፒትፋየር» የአውሮፕላን ውጊያ ነው፤ የሚጋጠም ጓደኛ ከሌለ ማሽኑ ራሱ ባላጋራ ሆኖ ይገጥማል። ለዚያ ዘመን ተጫዋች ቴሌቪዥን ተቃራኒ ሆኖ መቅረቡ ትልቅ ነገር ነበር። ጨዋታው ከሣጥኑ የወጣው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ማሽን ገና ያልተጻፈ ጨዋታ መቀበል ቻለ።

ወሬው ቀድሞ አታሪ ደርሶ ነበር። ቡሽኔል ተመሳሳይ ማሽን እያሠራ ነው፤ ለመጨረስ ግን ገንዘብ አጥቷል። ፌርቻይልድ እንደሚቀድመው ባወቀ ጊዜ ድርጅቱን መሸጥ ግድ ሆነበት። በ1976 ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ አታሪን በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የዋርነር ገንዘብ ባይመጣ የአታሪ ማሽን ባልወጣ ነበር፤ የፌርቻይልድ ሩጫ ባይኖር ደግሞ ቡሽኔል ለመሸጥ ባልቸኮለ። የፌርቻይልድ ሰዎች ቀዳሚ ለመሆን ሲሮጡ ለተፎካካሪያቸው ባለጸጋ ጌታ አመጡለት።

በዚህ መካከል የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያው አር.ሲ.ኤ. ገባ። በጃንዋሪ 1977 ያወጣው «ስቱዲዮ 2» የጆሴፍ ዋይስቤከር ሥራ ነው። ይህ ሰው የግል ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ገና ሳይመጣ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ሠርቶ ልጆቹን ያጫወተ መሐንዲስ ነበር። ማሽኑን ያሠራው የራሱ ቺፕ ነው፤ 1802 ይባላል። ገበያው ግን አልራራለትም። ሌላው ቀለም ባመጣበት ዘመን ስቱዲዮ 2 ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጆይስቲክ የለውም፣ እንደ ስልክ ቁጥር የሚነካ ሰሌዳ ሣጥኑ ላይ ተጣብቆበታል፤ ሁለት ሰው ሲጫወት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። በ149.95 ዶላር የቀረበው ማሽን በ1978 መጀመሪያ ተቋረጠ። ቺፑ ግን አልሞተም፤ ትንሽ ኃይል የሚበላና ብርቱ ስለነበር ወደ ጁፒተር በተላከችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር ውስጥ ገባ።

ስቱዲዮ 2 ለታሪክ የተወው ሌላም ነገር አለ። የዋይስቤከር ልጅ ጆይስ በ1976 ሃይስኩል እንደጨረሰች ለማሽኑ ትምህርታዊ ጥያቄና መልስ ጻፈች፤ 250 ዶላር ተከፈላት። ቀጥላ የመኪና እሽቅድድምና የአባሮሽ ጨዋታ ሠራች። የአር.ሲ.ኤ. ሠራተኛ አልነበረችም፤ በሥራዋ ልክ የተከፈላት ነበረች። በንግድ የተሸጠ የቪዲዮ ጌም በመጻፍ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ለብቻቸው ከሚሠሩ የጌም ደራሲዎችም እንደ መጀመሪያዋ ያዩዋታል። የአባቷ ማሽን ስኬታማ ቢሆን ኖሮ ስሟ ይህን ያህል ዘመን ተረስቶ አይቆይም ነበር።

በሴፕቴምበር 1977 አታሪ ቪሲኤስ በ199 ዶላር መጣ። ፌርቻይልድ የማሽኑን ስም ወደ «ቻናል ኤፍ» ቀየረ። በወረቀት ላይ ሲታይ ቻናል ኤፍ የሚያንስ አልነበረም፤ ቻናል ኤፍ ሥዕሉን የሚይዝበት 2 ኪሎባይት ሜሞሪ ሲኖረው የአታሪው 128 ባይት ብቻ ነው ያለው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር። አታሪ አዳራሽ ውስጥ በሳንቲም የሚጫወቱ ሰዎች የወደዱትን ያውቃል። ፌርቻይልድ ቺፕ መሸጥ ያውቃል። የቻናል ኤፍ ካርትሪጆች ሒሳብ፣ ካርታና የመሳሰሉት የበዙባቸው፣ ጨዋ ቤተሰብ የሚመርጣቸው ነበሩ፤ እሳትና ፍጥነት ለሚፈልግ ልጅ ግን አይሆኑም። እኔ እንደማየው ቻናል ኤፍን የገደለው የማሽኑ ድክመት አይደለም፤ ባለቤቱ የሚሸጠው ጨዋታ መሆኑን ሳይረዳ መቅረቱ ነው። ፌርቻይልድ በዚያው ዘመን በዲጂታል ሰዓት ንግድም ተቃጥሏልና ለሸማች ዕቃ የነበረው ፍላጎት ቀዘቀዘ። በ1979 ድርጅቱ ራሱ ለሽሉምበርገር ተሸጠ፤ ቻናል ኤፍም ዚርኮን ለተባለ ኩባንያ ተላለፈ። ያን ጊዜ የተሸጠው 350,000 ያህል ነበር። በጀርመን፣ በስዊድንና በእንግሊዝ በሌሎች ስሞች ትንሽ ዘመን ኖረ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ሳንቲም በሚበሉ ማሽኖቹ የታወቀው ባሊ በ1978 ያወጣው የቤት ማሽን በሥዕል ጥራት ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ይሞቃል፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በካርትሪጅ ስለወጣለት ባለቤቶቹ የራሳቸውን ጨዋታ እየጻፉ በደብዳቤ ይለዋወጡ ነበር፤ ባሊ ከተወው በኋላም «አስትሮኬድ» ተብሎ ቀጠለ። ማግናቮክስ በዚያው ዓመት ኦዲሲ 2ን ከነኪቦርዱ አመጣ፤ አውሮፓ ውስጥ ፊሊፕስ ሸጠው፣ ብራዚልም ወደደችው። ጃፓን ውስጥ ኤፖክ በ1981 «ካሴት ቪዥን»ን አቀረበ፤ የእሱ ካርትሪጅ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩን ጭምር ይዞ ይመጣል። ካርትሪጅ ሲነቀል ቀሪው ሣጥን አንጎል የለውም።

ከዚያ በላይ የሚያስገርመው ግን ሰዎቹ ራሳቸው መፈታታቸው ነው። ጨዋታ ከማሽን ተለይቶ የሚሸጥ ከሆነ ጨዋታ ደራሲው ከማሽን አምራቹ ጋር ምን ያቆየዋል? በ1979 ዴቪድ ክሬንን ጨምሮ አራት የአታሪ ፕሮግራመሮች ሥራቸው ሚሊዮኖች እያመጣ ስማቸው እንኳን ካርቶኑ ላይ አለመጻፉ አንገብግቧቸው ወጡና አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ አታሪ ከሰሳቸው፣ አላስቆማቸውም። ላውሰንም በ1980 ፌርቻይልድን ትቶ ቪዲዮሶፍት የተባለ የራሱን ድርጅት ከፈተ። የሚሠራው ለማን እንደሆነ ልብ ይሏል፦ ለአታሪ ማሽን የሚሆኑ ካርትሪጆች።

በ1982 ቬክትሬክስ መጣ። እኔ ከነዚህ ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምወስደው። የራሱ ስክሪን አለው፤ ቴሌቪዥን አይለምንም። ሥዕሉን በነጥብ ድርድር አይሞላም፤ የኤሌክትሮን ጨረሩ ራሱ ከቦታ ቦታ እየሄደ መስመር ይሥላል፤ ስለዚህም መስመሩ የጠራ፣ የሚያበራ፣ ጠርዙ ያልተቆራረጠ ነው። ቀለም ግን የለውም፤ ለዚህም ከ10 ዓመት በፊት ኦዲሲ እንዳደረገው ባለቀለም ፕላስቲክ ስክሪኑ ላይ ይደረጋል። ካርትሪጅ ባይኖርም «ማይን ስቶርም» የተባለ ጨዋታ ውስጡ ይጠብቃል። በ199 ዶላር ተሸጠ፤ የመጫወቻ አምራቹ ሚልተን ብራድሊ ይህ ያዋጣል ብሎ በ1983 አምራቹን ገዛው።

ያ ዓመት ለመግዛት ጥሩ ጊዜ አልነበረም። ማንም ተነሥቶ ለማንም ማሽን ካርትሪጅ መሥራት ይችል ነበርና የማይረባው ከሚረባው ጋር መደርደሪያ ሞላ፤ መደብሮች የ30 ዶላሩን በ5 ዶላር መጣል ያዙ። አታሪ ያልተሸጡ ካርትሪጆችን ኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ ውስጥ አስቀበረ፤ በ2014 ተቆፍረው ወጥተዋል። የላውሰን ቪዲዮሶፍት ተዘጋ። ዚርኮን ከጨዋታው ወጣ። ቬክትሬክስም በ1984 ተቋረጠ።

አልፔክስን ሁሉም ረስቶት ነበር። ኪርሽነርና ሃስከል ግን በ1977 የተሰጣቸው ፓተንት በእጃቸው ነበርና፣ በ1986 ኩባንያቸው የጃፓኑን ጌም አምራች ኒንቴንዶን ከሰሰ። ክሱ ቀላል ነው፦ የሚቀያየር ካርትሪጅና ማይክሮፕሮሰሰር ይዞ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ የሚያሳየው ማሽን የእኛ ሐሳብ ነው። በ1994 የኒውዮርክ ጁሪ ፈረደላቸው፤ ካሳው ከነወለዱ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ኒንቴንዶ ይግባኝ አለ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1996 ጉዳዩን ሥዕሉ እንዴት ይሠራል ወደሚለው አወረደው፦ የአልፔክስ ማሽን እያንዳንዱን የስክሪን ነጥብ በሜሞሪ ይይዛል፤ የኒንቴንዶው ሥዕሉን በመስመር በመስመር እየሄደ በዚያው ቅጽበት ያቀናብረዋል። መንገዳቸው ልዩ ነው ተብሎ ፍርዱ ተገለበጠ። ለአልፔክስ አንድ ሳንቲም አልደረሰውም።

ባየር በ2006 ዋይት ሀውስ ተጠርቶ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተሰጠው፤ በ2014 በ92 ዓመቱ አረፈ። ላውሰን ረዘም ያለ ጊዜ ጠበቀ። የስኳር ሕመም አንድ እግሩንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን ወስዶበት፣ በማርች 2011 የጌም ሠሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በአቅኚነቱ አከበረው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ኤፕሪል 9 ቀን፣ ሞተ። ከዚያ ወዲህ «የካርትሪጅ አባት» የሚለው ስም ለእሱ ብቻ ይሰጣል። የኪርሽነርንና የሃስከልን ድርሻ የሚያስረሳ መሆኑ ቅር ይለኛል፤ ሐሳቡ የእነሱ ነው፣ ሐሳቡን በልጅ እጅ የማይሰበር ዕቃ ያደረገው የላውሰን ቡድን ነው። ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2021 በስሙ ለጥቁርና ለአሜሪካ ነባር ተወላጅ የጌም ተማሪዎች የሚሆን ፈንድ አቋቋመ። በዲሴምበር 1 ቀን 2022፣ በልደቱ ቀን፣ ጉግል የፊት ገጹን ለላውሰን ሰጠ፤ የገባ ሁሉ የተዘጋጁትን ትንንሽ ጨዋታዎች መጫወት ብቻ ሳይሆን እየፈታ ማሻሻልና የራሱን መሥራት ይችል ነበር።